አርባ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ

በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። መሥሪያ ቤትም ሆነ መንደር ለመንደር ሲዞሩ ሁሉም የሚላቸው «ጋሽ ቆጣሪ» ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል። በከተማችን ምሥራቅ በኩል ያለ ውሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። እርግጥ ሁለቱ ነክሰዋቸዋል፤ እሳቸው ግን «ሳንተዋወቅ በፊት ነው» ብለው ይከራከሩላቸው ነበር። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰክተው፣ መዝገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይወጣሉ። ሲመለሱ ቢሮው በር ላይ ጫማቸውን በጨርቅ ሳይጠርጉ አይገቡም።

እኔ እሳቸው ያመጡትን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ የማስገባ ጸሐፊ ነበርኩ። ሌሎቹ አንባቢዎች በር ከተዘጋባቸው ያለፈውን ወር አይተው ገምተው ይሞላሉ። ጋሽ ቆጣሪ አይገምቱም። ለአንድ ተዘግቶ ለከረመ ቤት ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ አይቻለሁ። «ግምት የሰነፍ ሒሳብ ነው» ይሉ ነበር። የሆነውን ስነግራችሁ ሰውየውን እንደ ማንም ቀላል ሰው እንዳትወስዱብኝ ነው ይህን ማስቀደሜ።

ነገሩ የተጀመረው ማዘጋጃ ቤቱ በምሥራቁ በኩል አንድ የሕፃናት ማቆያ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ነው። የሚሠራው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የት ይሁን የሚለውን ለመወሰን ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይቆጠሩ ተባለ። ማን ይቁጠር ሲባል፣ ቤት ለቤት መዞር የለመዱት የውሃ ሰዎች ናቸው ተብሎ የኛ አንባቢዎች ለሁለት ሳምንት በውሰት ተሰጡ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው መንደሮቹን በዓይኑ አይቷቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ለአንድ የውሃ ቆጣሪ አንድ መስመር ነው የሰጠው፤ የቆጣሪው ቁጥር፣ በቆጣሪው የሚጠቀመው ቤተሰብ ብዛት፣ የልጆቹ ብዛት።

ለጋሽ ቆጣሪ የደረሷቸው ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ናቸው። ላይ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ አለው፤ እኔም የምኖረው እዚያ ነው። ታች ሰፈር ያለው ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት አንድ ቦኖና የሱ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው። ቦኖው አስፋልቱ ዳር ቆሟል። ቤቶቹ ከሱ በታች፣ ገደል ሊባል ምንም በማይቀረው ቁልቁለት ላይ እርስ በርስ ተደጋግፈው እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። ሰዉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይወጣል፣ ሞልቶ ይወርዳል።

ላይ ሰፈር ስምንት ቀን ፈጀባቸው። እንደ ልማዳቸው አንድ ቤት አልዘለሉም። ወንበር ይወጣላቸዋል፤ ሞግዚቷ ልጁን ታቅፋ ብቅ ትላለች፤ እሳቸውም የልጁን ጉንጭ ነካ አድርገው ይጽፋሉ። በዘጠነኛው ቀን ዝናቡ ገባ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ግራ ጉልበታቸው ያብጣል። ቅጹ የሚሰበሰበው ዓርብ ነበር፤ ታች ሰፈር የደረሱት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቦኖው አጠገብ ቆመው ቁልቁለቱን ተመለከቱት። ጭቃው ወጣቱንም የሚያንሸራትት ነበር። አንዲት ሴት ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር ደቅና ትጠብቃለች። ሆስፒታል የፅዳት ሠራተኛ ናት፤ መንትያ ወንዶች ስላሏት ሰፈሩ «የመንትዮቹ እናት» ይላታል።

«ጋሼ፣ ወሩ ሳያልቅ ምን እግር ጣለዎት?» አለቻቸው።

«ዛሬ ውሃ አይደለም የምቆጥረው። ልጆች ነው። ማቆያ ሊሠራ ነው።»

«የልጆች ማቆያ?» እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እንግዲያው የኔን ይጻፉልኝ። መንትዮቹ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ትልቋ ዘጠኝ ናት፤ እሷ አትቆጠርም መሰለኝ።»

«እሷ አትቆጠርም። ይኸው፣ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።»

«የጎረቤቶቼንስ?»

«ሰኞ ቤት ለቤት እወርዳለሁ» አሉ።

ሰኞ ለመውረድ ከልባቸው አስበው ነበር። ይህንን ደጋግመው ነግረውኛል፤ በነገሩኝ ቁጥር ግን ድምፃቸው እየሟሸሸ ይሄዳል። ዓርብ አመሻሽ ላይ አለቃችን በየጠረጴዛው እየዞረ ቅጹን ሰበሰበ። ጋሽ ቆጣሪም «አልጨረስኩም» ሳይሉ ሰጡት። የታች ሰፈር መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ ቤተሰብ አንድ፣ ልጆች ሁለት።

ሰኞ ጠዋት ያስገባሁት እኔ ነኝ። የዚያችን ቆጣሪ ቁጥር በቃሌ አውቃታለሁ። በየወሩ የምትቆጥረው ውሃ የአንድ ቤት ብቻ ቢሆን፣ ቤቱ ውስጥ ዝሆን ይታጠባል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ቦኖ አይደለችም እንዴ?» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን እያሹ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ «ቅጹ በቆጣሪ ነው የሚለው» አሉኝ።

እኔም አስገባሁት። ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ማቆያው ለቤቴ ቢቀርብ እንደማልጠላ ለራሴ ተናግሬ ባላውቅም አውቀው ነበር። ዝም ያልሽው ለዚህ ነው ብትሉኝ፣ አይደለም ብዬ መማል አልችልም።

በሁለተኛው ወር ውሳኔው መጣ። ማቆያው ላይ ሰፈር ይሠራል ተባለ። የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ልጆቹን የቆጠሩት አንባቢዎች ሁሉ ተጠርተው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ የጋሽ ቆጣሪ ተራ ሲደርስ «በታማኝነት» የሚለው ቃል ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ተጨበጨበም። ወረቀቱን እቤት ወስደው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጡት። ባለቤታቸው ግድግዳ ላይ ልስቀለው ቢሏቸው «ምስማሩ ግድግዳውን ያበላሸዋል» ብለው ከለከሉ።

ውሳኔው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ወር ቦኖውን ሊያነቡ ሲሄዱ ሴቶቹ ተሰልፈው አግኝተዋቸዋል። የመንትዮቹ እናት፣ ሰኞ ያልወረዱት በሌላ መንገድ ስለቆጠሯቸው መስሏት፣ ከሰልፉ ወጥታ «እኚህ ናቸው የመዘገቡን» ብላ ለጎረቤቶቿ አስተዋወቀቻቸው። አንዷ ተራዋን ትታ የቆጣሪውን ክዳን አነሳችላቸው። ሌላዋ እጃቸው ጭቃ ነክቶት ስታይ ከራሷ ጀሪካን ውሃ አፈሰሰችላቸው።

«የኛ መቼ ይጀመራል ጋሼ?»

«በሂደት ላይ ነው» አሉ። ይቺን ቃል የለመዷት ከአለቃችን ነው።

«እግዜር ይስጥልን። ሰው ብሎ የሚጠይቀንም የለ።»

ኋላ ሲነግሩኝ፣ «ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። ሲያመሰግኑኝ ግን መግቢያ አጣሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቦኖው ሳይከፈት፣ ሴቶቹ ሳይወጡ በማለዳ እየሄዱ ማንበብ ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀን በሰው ፊት የሠሩትን ሥራ እንደ ሌባ ዙሪያቸውን እያዩ መሥራት ያዙ። አንድ ሁለቴ የሆነች ሴት ቀድማ ብታገኛቸው፣ «ላይ ሰፈር ሲያልቅ የናንተ ይቀጥላል» ብለው አልፈዋል። ውሸት አንዴ ከጀመረ ለራሱ ምግብ መፈለጉ አይቀርም።

የትምህርት ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ታች ሰፈር ከቦኖው ሥር አንድ ቱቦ ፈነዳ ተብሎ እንዲያዩት ተላኩ። ወደ መሃል እንደወረዱ ዶፍ ዝናብ ጣለባቸው። ከአንድ በር ላይ አንዲት ልጅ፣ «አባባ፣ ይግቡና ያሳልፉት» አለቻቸው።

ገቡ። አንድ ክፍል ቤት ነው። አልጋ፣ መጋረጃ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። የከሰል ምድጃው ትንንሾቹ እንዳይደርሱበት ከቁም ሳጥን አናት ላይ ተሰቅሏል። ፍራሽ ላይ የጎረቤቶቹን ጨምሮ ስድስት ሕፃናት አሉ፤ ሁለቱ አንድ መልክ ናቸው። የጠራቻቸው ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን በበሩ ወርድ ዘርግታዋለች። የሚድህ ሁሉ እግሯ ጋ ደርሶ ይመለሳል። አጥሩ እግሯ ነው።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ ልጄ?»

«አለ። እኔ ግን ዘንድሮ አልገባሁም። እማዬ በጠዋት ፈረቃ ነው የምትገባው። ማቆያው ሲከፈት እመለሳለሁ፤ አንድ የውሃ ሰውዬ መዝግበውናል።» ከዚያ መዝገባቸውን አየች፣ ቀና ብላም ፊታቸውን። «እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ከፈተና በፊት ይከፈታል?»

ከስድስቱ አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቷ ዞር ሳትል፣ «እሱ ርቦት አይደለም፣ እንቅልፉ ነው» አለችና እግሯን ሳታነሳ ጎትታ አቀፈችው። ጋሽ ቆጣሪ መልስ እንደሚጠበቅባቸው ያውቃሉ። «በሂደት ላይ ነው» ሊሉ ጀምረው ተዉት።

«አላውቅም ልጄ» አሉ።

«ግድ የለም። የሚያስቸግረኝ ሒሳብ ብቻ ነው» ብላ አጽናናቻቸው።

ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቁም። ቱቦውንም ሳያዩት ነው የወጡት።

በማግስቱ ጫማቸውን ሳይጠርጉ ቢሮ ገብተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ያዩትን ሁሉ ነገሩኝና፣ «ያቺን መስመር አውጪልኝ፤ አለቃ ጋ እንግባ» አሉ። ገባን። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰምቶ ሲጨርስ ግንባሩን አሸት አደረገ።

«ጋሼ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ቆጠራው ተዘግቷል። ቀጣዩ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ላይ ሰፈር ግድግዳው ቆሟል። አሁን ተሳስቼ ነበር ብለው ቢጽፉ ማን ይጠቀማል? ለጡረታዎ የቀረዎት አምስት ወር ነው።»

«ተሳስቼ አይደለም» አሉት። «አውቄ ነው።»

አለቃችን ወደኔ አየ፤ የምጨምረው ነገር ያለኝ መስሎት ይሆናል። አጠገባቸው ቆሜ ስለራሴ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። መሬቱን አየሁ።

እቤታቸው ሄደው ለባለቤታቸውም ተናዘዙ። ሴትየዋ አፋቸው ስለት ነው። «ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ ጉልበትህን ከምታሽ ለምን አትወርድም? ጭቃው እንደሆነ አንተን አይጠብቅም፤ የትም አይሄድም» አሏቸውና የመጥረጊያ እጀታ ነቅለው ለምርኩዝ ሰጧቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረዱ እንደገና ሊቆጥሩ ወሰኑ። ግን በየቤቱ ገብተው ምን ሊሉ ነው? «ባለፈው መዝግበውን የለ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰልፉ ሙሉ በሆነበት ሰዓት ቦኖው ጋ ሄደው ቆሙ። እኔም አብሬያቸው ሄጄ ነበር፤ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሜ ነው የሰማሁት።

«እኔ አልመዘገብኳችሁም» አሉ። «ዝናብ ነበር፣ ጉልበቴም አሞኝ ነበር፤ እሱ ምክንያት አይሆንም። መላው ሰፈር አንድ ቤት ነው ብዬ ጻፍኩ። ልጆቻችሁን ሁለት ናቸው አልኩ። ማቆያው ወደ ላይ የሄደው በኔ ቁጥር ነው። ሊሠራላችሁ ነው እያልኩ የዋሸኋችሁም እኔ ነኝ።»

ቧንቧው ብቻ ይንዶለዶላል፤ የአንዲት ሴት ጀሪካን ሞልቶ ሲፈስ የሚዘጋው ጠፋ። በመጨረሻ ግንቡ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «ሁላችንም አንድ ቤት?» አሉ። «ቀድመው ነግረውን ቢሆን ኖሮ አንድ ባል ይበቃን አልነበር? ያን ሁሉ ሰካራም ምን አሸከመን?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ለሳቸው ቦታ አልነበረውም፤ እርስ በርሳቸው ነው የሳቁት። ጋሽ ቆጣሪ ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል። አንዷ «አሁን የመጡት የኅሊና ዕዳ ሊከፍሉ ነው?» አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። የመንትዮቹ እናት አልሳቀችም። ጀሪካኗን ግማሽ ሳይሞላ ከቧንቧው ሥር አወጣችና ክዳኑን ቀስ ብላ አጠበቀችው።

«ልጄን ከትምህርት ያስቀረኋት በርስዎ ቃል ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ተስፋ ባይሰጡኝ ኖሮ ሌላ መላ እፈልግ ነበር። ዘመድ እለምን ነበር።» ጀሪካኗን አንግታ ወረደች።

ሌሎቹ ግን አስቆጠሩ። ምን አማራጭ ነበራቸው? አራት ቅዳሜ ፈጀ። በምርኩዛቸው እየተደገፉ እስከ ወንዙ ወረዱ፤ አንድ በር አላለፉም፤ የመንትዮቹ እናት ቤት እንኳ ልጅቷ በሩ ላይ ሆና ነግራቸዋለች። አርባ ሦስት ቤት፣ ሰባ አንድ ልጅ። እኔ ተየብኩት። «ያለፈው ቁጥር ሐሰት ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለሰልሰው ብጠይቃቸው እንደዚያው ይሁን አሉኝ። እሳቸው ፈረሙበት። የኔ ፊርማ የሚያስፈልግበት ቦታ አልነበረም፤ እኔም አልፈለግኩለትም።

ከሁለት ወር በኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ መልስ መጣ። «ለቀጣዩ ዕቅድ በግብዓትነት ተይዟል» ይላል። ቅጣት አልነበረውም። የተቆጣ ሰው እንኳን የለም። ጋሽ ቆጣሪ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡትና፣ «ቢቀጡኝ ይሻል ነበር» አሉ።

ማቆያው በተከፈተ ሰሞን እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ላይ ሰፈር አብዛኛው ቤት ሞግዚት ስላለው አልጋዎቹ ሁሉ አልሞሉም። ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጄን አስመዝግቤ ስለነበር ክፍሎቹን አይቻለሁ። ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ኃላፊዋ ሄዱ። ወጣት ሴት ናት፤ ታሪኩን ሁሉ ሰምታ፣ ስድስት ልጅ ከታች ሰፈር እቀበላለሁ አለች። ደስ ብሏቸው ወረዱ። ደስታው ግን ቦኖው ጋ አለቀ። ማቆያው የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታች ሰፈር ያሉት እናቶች ግማሾቹ ሆስፒታል፣ ግማሾቹ ፋብሪካ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መግባት አለባቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ አድርሳ ሥራ የምትደርስ እናት ላይ ሰፈር ነው ያለችው።

«እስከዚያ ልጆቹን ማን ይይዛል?» ተባሉ።

«እኔ» አሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጅ የሰጠቻቸው አንዲት እናት ናት፤ እሷም ሦስት ቀን ሥራ ቀርታ ከኋላቸው ስትከተል ነበር። አሁን አራት ልጆች አሏቸው። ጎህ ሲቀድ ቦኖው ጋ ይረከባሉ፤ እቤታቸው ወስደው ባለቤታቸው ፊታቸውን አጥበው ያበሏቸዋል፤ ከዚያ ዳገቱን ይወጣሉ። ሁለቱ በእግር፣ አንዷ ጀርባቸው ላይ፣ አንዱ እንደ ቀኑ ሁኔታ። የመንትዮቹን እናትም ጠይቀዋት ነበር። «ቂም ይዤብዎት አይደለም» አለቻቸው፤ «አንድ ጊዜ አምኜዎት ነበር፣ ይበቃኛል።» መንትዮቹን ከሩቅ የመጣች አክስት ያዘችላት። ልጅቷ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ እኩዮቿ አንድ ክፍል ቀድመዋታል።

ማቆያው በር ላይ ሰዉ ያሞግሳቸዋል። አንዲት እናት መኪናዋን አቁማ፣ «የልጅ ልጆችዎ ናቸው? ታድለዋል» ስትላቸው እኔም ነበርኩ። ቆም ብለው፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዳልሆኑ፣ ለምን እንደሚያመላልሷቸውም ከሥር ከመሠረቱ ነገሯት። ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ተመልሳ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ዘበኛው ተማረረ። «ጋሼ፣ ሰው ሰላም ሲልዎት ሰላም ይበሉ እንጂ ኑዛዜ ምን አመጣው? ከእርስዎ ጋር ሰላምታ ግማሽ ሰዓት ፈጀ» አላቸው።

«ሳልነግራት ነገ ሰላምታዋን በምን ዓይኔ እቀበለዋለሁ?» አሉት።

ልጄን አቅፌ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቁጥሩን ማን እንዳስገባው ግን ለሴትየዋ አልነገሯትም። ስሜን በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ባለፈው ወር ጉልበታቸው ጠንቶባቸው ለአንድ ሳምንት ተኙ። ባለቤታቸው ደውለው፣ «ልጆቹን የሚያወጣ ጠፋ» ሲሉኝ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። የመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ቦኖው ጋ ስደርስ የአራቱ እናቶች ልጆቻቸውን አስረክበውኝ ሮጡ። ከነሱ ኋላ የመንትዮቹ እናት ወጣች። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። አየችኝና ቆመች።

«አንቺ ምናቸው ነሽ?»

«አብረን ነበር የምንሠራው።» በዚሁ ላልፈው እችል ነበር። «ያኔ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቦኖ መሆኑን አውቅ ነበር።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝም ደስ ባለኝ።

«ልጅ አለሽ?» አለችኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«የት ነው የምትውለው?»

ከአራቱ ልጆች ትንሹ ጣቴን ይዞ ይጎትተኝ ነበር። «እዚያው» አልኩ። «ላይ ያለው ማቆያ።»

«ደግ» አለች። ሻሿን ጠበቅ አደረገችና ፈረቃዋ እንዳያመልጣት ወደ ታክሲ መያዣው ፈጠነች። እኔም ትንሹን ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣ የቀሩትን አስቀድሜ፣ ዳገቱን ተያያዝኩት።